ፓስወርድ ፍለጋ ለቅሶ ቤት ሄጄ

ዛሬ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ፓስወርድ ተቀበልኩ። አትፍረዱብኝ።

ፒያሳ ያለ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። የድሮው ኮምፒውተር ተቃጥሎ አዲስ ገዙልን። የሕመምተኞቹ መረጃ በፍላሽ ተርፏል፤ የሚከፍተውን ዳታቤዝ ልጭን ስል ግን «የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል» አለኝ።

ፈቃዱ ያለው ታዴ ብቻ ነው፣ የኮምፒውተር ባለሙያችን። እሱ ደግሞ ትናንት እናቱን ቀብሮ ማራኪ ሰፈር ለቅሶ ድንኳን ተቀምጧል፤ ስልኩም ዝግ ነው።

ከሳንጃ የመጡት አያ ሙሉ ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚው ላይ ናቸው። ሐኪሙ የቀድሞ ምርመራቸውን ሳያይ መድኃኒት አልቀይርም ብሏል። «ምነው ልጄ፣ መኪናው ሊያመልጠኝ ነው» ሲሉኝ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ባጃጅ ያዝኩ።

ታዴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሐሳቤ ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ስለሆነ እንባ እምቢ አለኝ።

«እትዬ፣ ለሥራም ነው የመጣሽው አይደል?» አለኝ ራሱ። እንዴት እንዳፈርኩ! ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የእማዬ ስም ነው። ከሠልስት በኋላ መጥቼ እናንተም መጫን እንድትችሉ አደርጋለሁ» አለ።

(ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ ታዴ ይገድለኛል።)

ተመልሼ የእናቱን ስም ፊደል በፊደል ስጽፍ፣ ድንኳን ውስጥ እምቢ ያለኝ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

አያ ሙሉ በመስኮቱ አዩኝና «ምነው፣ አሁንም እምቢ አለሽ?» አሉ።

«የለም አያ፣ እሺ አለኝ።»

መኪናቸው ላይ ደርሰዋል። እኔ ግን ድክም ብሎኛል። እናንተ መሥሪያ ቤትስ ሁሉ ነገር በአንድ ሰው እጅ ሆኖ እንዲህ ያሳፈራችሁ ቀን አለ? ንገሩኝ እስቲ፣ ጋደም ብዬ ላንብብ።