የሐሊሞ ባል በምን ይጠራ ነበር?

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አቶ ይልማ ወንበር አሳዩኝና «ተቀመጪ» አሉኝ። እኔ ደግሞ መቀመጥ አልወድም። ትንሽ ቆይቼ ተነስቼ መስኮቱ ጋ ስንጎራደድ «ወንበሩ ይቆረቁርሻል እንዴ?» አሉ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ነፋስ ስልክ ውስጥ አንድ አሮጌ ቪላ ተከራይተን፣ የጥገኝነት ጥያቄያቸው ውድቅ የተደረገባቸውን ስደተኞች ይግባኝ እንዲሉ እንረዳ ነበር። አቶ ይልማ ጠበቃው፣ እትዬ ዘነበች አስተርጓሚዋ፣ እኔ ማስረጃ ፈላጊዋ።

«ሥራሽ ማዘን አይደለም» አሉኝ አቶ ይልማ። «ማን አየ? ማን ሰማ? እሱን አምጪልኝ።»

ከጦርነት የሸሸ ሰው ማስረጃ ይዞ አይወጣም፤ ስለዚህ ማስረጃችን ሰው ነበር። አንዱ የመጣበትን ከተማ ይነግረናል። ወፍጮ ቤቱ በየት በኩል ነው፣ የውኃ ጉድጓዱ የማን ነው ብለን እንጠይቃለን። ከዚያው ከተማ የመጣ ሌላ ሰው እንፈልግና፣ ሁለቱ ሳይገናኙ ያንኑ እንጠይቀዋለን። ቃላቸው ከገጠመ እናስፈርማለን። እግር የሚያልቀው ያንን ሌላ ሰው ፍለጋ ነው።

ሐሊሞ ወደ እኛ የመጣችው ከተከለከለች በኋላ ነው። ከለቡ ወዲህ፣ ያኔ ገና የጤፍ ማሳ በነበረው አገር፣ አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። በእትዬ ዘነበች አስተርጓሚነት እንደነገረችን፣ ባሏ በደቡብ ሶማሊያ፣ በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ አስተማሪ ነበር። ታጣቂዎች መንገድ ላይ ገደሉት። ልጆቿን ይዛ ስትሮጥ አስከሬኑን እዚያው ጥላ ነው የወጣችው። ውሳኔ ሰጪዎቹ ግን የከተማውን ሰዎች ጠይቀው ነበርና «እንዲህ የሚባል አስተማሪ የሚያውቅ አልተገኘም፤ ከዚያ ከተማ መምጣትሽም ያጠራጥራል» አሏት። ይግባኙ የሚዘጋው ዓርብ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥላ ወደወጣችው አገር መመለስ ነው።

እኔም እንደነሱ ስሙን ይዤ ፍለጋ ሄድኩ። ከሳሪስ እስከ ቦሌ ሚካኤል፣ ከሚኒባስ ሚኒባስ እየዘለልኩ፣ ሶማሌዎች የሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ሁሉ ገባሁ። «መሐመድ አሊ የሚባል አስተማሪ ታውቃላችሁ?» ከዚያው ከተማ የመጣ፣ አማርኛ የለመደ፣ አደን የሚባል ልብስ ሰፊ አገኘሁና ደስ ብሎኝ ጠየቅሁት። መርፌውን ከአፉ አውጥቶ ራሱን ነቀነቀ። አያውቀውም።

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። «ዋሽታናለች» አልኳቸው አቶ ይልማን።

«መሰለኝ አትበዪኝ፤ ማን አየ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

ሐሙስ ዕለት እትዬ ዘነበችን ይዤ ወደ አደን ሰፈር ተመለስኩ። ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ፣ ሶማሊኛውን ከገበያ የለመዱ፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሴት ናቸው። ሻይ ቤቱ በር ላይ አንዱ ጮኾ ሌላውን ጠራ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የተጠራው ሰውዬ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ እሱም እየሳቀ መጣ።

«ምን ብሎ ነው የጠራው?»

«ተዪው ልጄ፤ ነውር ነው።»

«ይንገሩኝ እንጂ!»

«‹አንድ ዓይናው› ነው የሚለው። እነሱ እንዲህ ነው የሚጠራሩት፤ አይቀያየሙም።»

ክንዳቸውን ያዝኩ። «እትዬ ዘነበች፣ የሐሊሞ ባልስ? እንዲህ ያለ መጠሪያ አልነበረውም?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ላንጋሬ ትለው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አንካሳው ማለት ነው። ሚስቱ እያለቀሰች፣ ሟቹን አንካሳ ብለሽ ጻፊ ልበልሽ? መዝገብ ላይ ያለውን ስሙን ነው የነገርኩሽ።»

እየሮጥኩ ልብስ ሰፊው ጋ ገባሁ። «አደን፣ ላንጋሬን ታውቀዋለህ?»

የስፌት መኪናውን አቆመ። «ላንጋሬ? አስተማሪው? ልጄን ሒሳብ ያስተማረልኝ እኮ ነው። እኔና ወንድሜ ነን የቀበርነው።»

ከዚያ ወዲያ አልለቀቅሁትም። እየጎተትኩ ቢሮ አመጣሁት። አቶ ይልማ ስለ ወፍጮ ቤቱ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ በር ጠየቁት። ሁሉም ከሐሊሞ ቃል ጋር ገጠመ። ፈረመ። እኔ ኮሪደሩ ላይ እመላለስ ነበር።

ሲያበቃ ሐሊሞን አስገባናት። እትዬ ዘነበች ምስክር መገኘቱን፣ ይግባኙ ነገ እንደሚገባ ነገሯት። እሷ ግን ወረቀቱንም እኛንም አላየችም። አደንን ብቻ እያየች አንድ ነገር ጠየቀችው። እትዬ ዘነበች ወደ እኛ ዞሩ።

«ላንጋሬን ስትቀብሩት ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አዞራችሁት ወይ፣ ነው የምትለው» አሉን።

«አዙረነዋል» አለ አደን።

ሐሊሞ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ይግባኙ ተቀባይነት አገኘ፤ ሐሊሞና ልጆቿ አልተመለሱም። እትዬ ዘነበች ጡረታ እስኪወጡ አብረን ሠራን፤ ከዚያ ወዲህ ግን ነውር የሚሉትን ቃል ሲተረጉሙ ዓይናቸውን ጨፍነውም ቢሆን ይናገሩት ነበር።

ለአዲስ ሠራተኛ የምነግረው ይኼንኑ ነው። ሰው የነገራችሁን አታሳምሩለት። እንዳለው ጻፉት።