አራት ሰዓት ከዱባይ

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰው «ዱባይ እኮ ቅርብ ናት» ባለ ቁጥር ይመጣብኛል። ልናገረውና ይውጣልኝ።

አባባ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለው ቤታችን ማክሰኞ ከቀትር በኋላ አረፈ። ከወር በላይ ታሞ ነበር። ታናሽ እህቴ ትዕግሥት ዱባይ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች፤ አመሻሹ ላይ ደውላ ስለ እሱ ሳትጠይቅ አታድርም ነበር።

ገና አስከሬኑ ሳይገነዝ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተፈራ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። «ለልጅቷ እንዳትነግራት። መርዶ በስልክ አይነገርም። በሰው አገር ብቻዋን ሆና ብትሰማ ማን ይይዛታል?» አሉኝ። እናቴም እያለቀሰች በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ቀብሩ በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ተባለ።

ሲመሻሽ ስልኬ ጮኸ። ለቅሶው እንዳይሰማት ሮጬ ድልድዩ ላይ ወጣሁ። ልብስ ሻጮቹ እንደ ሁልጊዜው ይጮኻሉ።

«ድልድዩ ጋ ነህ አይደል?» ብላ ሳቀች። «አባባስ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፤ ተኝቷል።»

«ልምጣ እንዴ? ሆዴ ፈርቷል። የዛሬውን አውሮፕላን ብይዝ ጠዋት እዚያ ነኝ። አራት ሰዓት እኮ ነው።»

ምን ብላት ጥሩ ነው? «ለአራት ሰዓት መንገድ ምን ያስቸኩልሻል? ፈቃድሽ ሲደርስ ትመጫለሽ» አልኳት።

በየምሽቱ «ተኝቷል» እያልኳት ፈቃዷ ደረሰና ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣች። ለአባባ የደም ግፊት መለኪያና ለስላሳ ነጠላ ጫማ ይዛለች። «ቤቱ ቀለም እየተቀባ ነው» ብለን ስድስት ኪሎ አክስታችን ቤት አሳደርናት። ሲነጋጋ ጋሽ ተፈራና ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ገና ስታያቸው ገባት።

አልጮኸችም። «መቼ?» አለችኝ። ነገርኳት። በጣቷ ቆጠረች።

«ድልድዩ ላይ ሆነህ ያናገርከኝ ቀን?»

«አዎ።»

«ቀብሩስ?»

«በማግስቱ፣ ዘጠኝ ሰዓት።»

«እደርስ ነበር» አለች። የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።

«ልጄ፣ ለአንቺ ብለን ነው» አሉ ጋሽ ተፈራ። ልማዳችንን የዚያን ቀን ያህል ጠልቼው አላውቅም። ግን እሳቸው ላይ ማላከክ ይቀላል፤ ድልድዩ ላይ ቆሞ የዋሻት እኔ ነኝ። አንዳንዴ ስልኬ ላይ ርቀቱን አያለሁ፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይላል፤ በአውሮፕላን አራት ሰዓት። ሌላ ነገር የማገኝ ይመስል ደጋግሜ አየዋለሁ።

ዛሬም ከዱባይ አመሻሹ ላይ ትደውላለች። «እማማ ደህና ናት» ስላት፣ «ፊቷን አሳየኝ» ትለኛለች። አንዳንድ ቀን እናቴ ተኝታ ትሆናለች።

«ቀስቅሳት» ትለኛለች።

ምን አፍ አለኝ? እቀሰቅሳታለሁ።