ወንበር ተሸክሞ የሳቀው

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ የሚያምራት አንድ ነገር ነበር፤ ፊቱን ግድግዳ ላይ በትልቁ ማየት። ምስማሩን ቀድማ መትታለታለች።

ሰውየው ፎቶ አይወድም ነበር። ካሜራ ሲወጣ አንድ ሥራ ፈጥሮ እብስ ነው። የተረፈችው አንዲት ፎቶ ብቻ ናት፤ ጎረቤት ሰርግ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ ሲስቅ። ልብስ ሰፊዋ ወንበሩ ለግድግዳ አይመጥንም ስላለች፣ ልጇ ዙሪያውን ቆርጣ ፊቱንና ደረቱን ብቻ አስቀረች። ይዘውት ማተሚያ ቤት ሄዱ።

አታሚው ከፍቶ አየውና ዋናውን ጠየቀ። ልጅቷ ፎቶውን ያነሳው ሰው ስልኩ እንደጠፋበት፣ ይሄ በመልእክት ሲዞር የቆየው እንደሆነ ነገረችው። «እንግዲያው ችግር አለ» አለ አታሚው፤ ስልክ ፎቶ ሲልክ ቶሎ እንዲደርስለት ያሳንሰዋል፣ የጣለውን አይመልስም። ልብስ ሰፊዋ ግን ትልቅ ካልሆነ አለች። አታሚው ክርክር ስለማይወድ በተራ ወረቀት በትልቁ አወጣላትና እዚያው ማተሚያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

ከበሩ ስታየው ራሱ ነው፣ ይስቃል። ጠጋ አለች። ዓይኑ አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን ሆነ። እጇ ሊደርስበት ሲል ሰውየው የለም። ወደ ኋላ ስትል ደግሞ ተመለሰ።

«ዛሬም ስጠጋው ይሸሻል» አለች።

«እትዬ፣ ወረቀቱ ቢያድግም ፎቶው የተሠራበት ነጥብ አይጨምርም» አላት አታሚው። «እጅ ላይ ይዘው ሲያዩት እንዲጠራ በአንድ ኢንች ሦስት መቶ ያህል ነጥብ ይፈልጋል። ይሄ በወርዱ ያለው ሦስት መቶ ስልሳ ነው። ከጉርድ ፎቶ አያልፍም።»

«መታወቂያ ላወጣለት ነው እንዴ?»

ነገሩ ግን ገብቷታል። ስስ ጨርቅ ሲለጠጥ ክሩ አይበዛም፣ ክፍተቱ እንጂ።

አታሚው ያልተቆረጠውን እስቲ አምጡ አለ። ፊቱ እዚያም ያው ነው፣ አይተልቅም። ሙሉው ፎቶ ግን ብዙ ነጥብ ስላለው ፖስትካርድ በሚያህል ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ ወጣ።

መነጽሯን አድርጋ መስኮቱ ጋ ወሰደችው፤ አፍንጫዋ ሊነካው ምንም አልቀረውም። ከዳር አንድ የቀሚስ ጫፍ ይታያል። ጥልፉን አወቀችው፣ የራሷ እጅ ሥራ ነው፤ በዚያ ሰርግ እሷው የለበሰችው። ስልክ ላይ ሁልጊዜ ፊቱን ብቻ እያሰፋች ስታይ ዳሩን አይታው አታውቅም። ሰውየው የሚስቀው ወደዚያ ቀሚስ ነው።

ልጅቷ ወንበሩን በኮምፒውተር ማጥፋት ይቻል እንደሆነ አታሚውን ልትጠይቅ ጀመረች።

«ወንበሩ ይኑር» አለች እናቷ።

አሁን ፎቶው ስፌት መኪናዋ ላይ፣ አምፖሉ ሥር ነው። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ልታስገባ ስታጎነብስ ፊት ለፊት ይገጥማታል። ግድግዳው ላይ ያለውን ምስማር ግን አልነቀለችውም። የጠፋው ስልክ ይገኝ ይሆናል ትላለች።