በቃሌ የያዝኩት ፕሮግራም

ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት የማውቀው የትምህርት ዓይነት አንድ ብቻ ነበር። ሞላሌ አጠገብ ባለችው ደብራችን የኔታ ይላሉ፣ እኛ ተቀብለን እንላለን። ከራሱ አንዲት ቃል የጨመረ ልጅ አርጩሜ ይቀምሳል፤ አንዲት ቃል የዘለለም እንደዚያው። ዳዊትን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃሌ የያዝኩት እንዲህ ሆኜ ነው። ይህንኑ ጠባይ ይዤ የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ክፍል ገባሁ።

መምህራችን ከእኔ በሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ መምህር ነውና ግን አንቱ እለዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ደንቡን አነበበልን። ሦስት ቀን የቀረ ፈተና አይቀመጥም። አንዱ ተነስቶ "ቀኑ ሚካኤል ቢሆንስ?" ቢለው "ሚካኤልም ቢሆን" አለው። የቤት ሥራ ያሳደረ ነጥብ ይቀነስበታል። የኮረጀ ግን ኤፍ ብቻ አይደለም፣ ከኮሌጁ ይሰናበታል። እኔን ይሄኛው ምንም አላሳሰበኝም። መኮረጅ ማለት አንገትን አስግጎ የሰው ወረቀት ማየት ነው፤ በቃሌ የያዝኩትን የሰው ነው የሚለኝ ማን ነው?

ኮምፒውተሩ ለአራት ተማሪ አንድ ነው፤ መብራቱም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ስለዚህ መምህሩ አዘጋጅቶ ያባዛልንን ሃንድአውት ይዤ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ከማደሪያችን ጀርባ ፀሐይ ላይ እቀመጣለሁ። እየተወዛወዝኩ ሳነበንብ ጓደኞቼ "ማኅሌት ቆሟል" እያሉ ይስቁብኛል። እኔ እቴ፣ ይሳቁ። በሦስት ሳምንት ሃንድአውቱን ጨረስኩት።

ፈተናው መጣ። "የአምስት ተማሪዎችን አማካይ ውጤት የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፉ" ይላል። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ያለው ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቀና ሳልል ጽፌ ከሁሉ ቀድሜ ወጣሁ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ቢሮ ተጠራሁ። መምህሩ ቆሟል፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ሸበቶ ሰው ናቸው፣ ወረቀቴን ይዘው ተቀምጠዋል።

"አናቱን አንብብልኝ" አሉኝ።

አነበብኩላቸው። "አዘጋጅ፦ መምህር እገሌ። ገጽ አሥራ ሁለት።"

እገሌ ያልኩት የመምህሩን ስም ነው። ሃንድአውቱ ላይ ከፕሮግራሙ በላይ እንደዚያ ተጽፏል፤ እኔ ደግሞ መግቢያ መዝለል አልተማርኩም።

"ሃንድአውቱን ይዘህ ካልገባህ ይሄ ከየት መጣ?" አለ መምህሩ። "የገጹን ቁጥር እንኳ አልማርከውም እኮ።"

ክው አልኩ። እናቴ "ልጄ ኮምፒውተር ይማራል" ያላለችው የሞላሌ ገበያተኛ የለም። ኮርጆ ተባረረ ሲባል በየት በኩል ትለፍ? ፍርሃቴ ወደ ንዴት ዞረ።

"በቃሌ ነው" አልኩ። "ልበልላችሁ?"

መልስ ሳልጠብቅ ዓይኔን ጨፍኜ ከገጽ አንድ ጀመርኩ። ቅንፉን፣ ነጥቡን፣ ሰረዙን ሁሉ አልኩት። ሳይታወቀኝ ዜማም ገባበት። ኃላፊው ሃንድአውቱን ገልጠው በጣታቸው ይከተሉኝ ነበር። ገጽ አሥራ ሁለት ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

"ይበቃል። ልጁ አልኮረጀም።"

እፎይ ልል ስል ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አቆሙ። "እዚህ ጋ ድምሩ ለአራት የተካፈለው ለምንድን ነው?"

የኔታ ዘንድ አስቀድሞ ቃሉ ይያዛል፣ ምሥጢሩ ከዓመታት በኋላ ይመጣል።

"ጌታዬ፣ ትርጓሜው ላይ ገና አልደረስኩም" አልኩ።

መምህሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወረቀቴ ላይ ከሠላሳው ነጥብ ሁለት ጻፈበት። "ሁለቱም ለእጅ ጽሑፍህ ነው" አለኝ።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አልተባረርኩም፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም፤ አፈርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃ ስወቅጥ ከርሜያለሁ። በዚያው ብሽቀት ገጽ አሥራ ሁለትን እንደገና አነሳሁት፣ ያለ ዜማ፣ ቀስ ብዬ። አንድ ውጤት ይቀበላል። ሁለተኛ ይቀበላል። ሦስተኛ። አራተኛ። ይደምራል። ለአራት ያካፍላል። ብድግ ብዬ ተመለስኩ።

"መምህር፣ የእርስዎ ሃንድአውት ላይ ያሉት ተማሪዎች አራት ስለሆኑ ነው። ፈተናው አምስት ብሎ ነበር። አምስተኛውን ተቀብዬ ለአምስት ማካፈል ነበረብኝ።"

መምህሩ ቀና አለ። "ውጤቱ አይለወጥም።"

"አውቃለሁ።"

ወንበር ሳበልኝና ሃንድአውቱን ገጽ አንድ ላይ ገለጠው። እስከ ምሳ ሰዓት ሦስት መስመር ብቻ ሄድን።