ባለቤቴ የቆለፈው ዳታቤዝ

ባለቤቴ የመንገድ መብራት ጥገና ክፍል መዝጋቢ ነው። ሰው ደውሎ «ደጃችን ላይ ያለው መብራት ጠፍቷል» ሲለው የምሰሶውን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፋል፤ የአምፖሉ ዓይነት፣ የገመዱ መስመር፣ መጨረሻ የነካው ጠጋኝ ሁሉ ይወጣለታል። ይህን ሁሉ መረጃ የያዘውን ዳታቤዝ የሠራው ራሱ ነው። ማንም ሳያስተምረው፣ ሲሠራ ሲያፈርስ፣ ጥርሱን የነቀለበት ነገር ነው። ሠራተኞቹ እየነካኩ ቢያበላሹበት ደግሞ ማንም አሠራሩን እንዳይለውጥ አድርጎ ቆለፈው።

ልጃችን ሌላ ከተማ ወለደች፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጃችን ናት። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ «በል እንሂድ» ብለው «ዳታቤዙስ?» አይለኝ መሰላችሁ። መሥሪያ ቤቱ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ገዝቷል። እነሱ ላይ ያለው ፕሮግራም ስድሳ አራት ቢት የሚሉት ነው፤ የባለቤቴ ፋይል ግን የተቆለፈው በሠላሳ ሁለት ቢት ነው። ስለዚህ ከእሱ አሮጌ ማሽን በቀር የትም አይከፈትም፤ ማሽኑን ደግሞ ለማንም አያስነካም። «እኔ ከሄድኩ ከተማው ጨለማ ሊውጠው ነው» ይላል፤ ፊቱ ላይ ግን ሐዘን የሚባል ነገር የለም።

ደሜ ፈላ። «ስድሳ አራት ከሠላሳ ሁለት አይበልጥም እንዴ? ትልቁ ምን ሆኖ ነው ትንሹን መክፈት ያቃተው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ የሽንኩርት ኪሎ አይደለም» ብሎኝ እርፍ።

አንድ ቀን ምሳውን ረስቶ ስለሄደ ይዤለት ቢሮው ሄድኩ። አንዲት ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«እማማ፣ ሁለቱ ፕሮግራሞች አንድ ማሽን ላይ አብረው አይቀመጡም» አለችኝ። «የተቆለፈውም ወደ አዲሱ አይሻገርም። ከመቆለፉ በፊት የነበረው ዋናው ፋይል ካለ ግን ጥቂት መስመር አስተካክዬ እከፍተዋለሁ።»

«ዋናው ጠፍቷል» አለ ባለቤቴ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ። ከዚህ ሰውዬ ጋር አርጅቻለሁ፤ ሲዋሽ ዓይኑ ሰው ላይ አያርፍም። አፌን ልከፍት ስል ልጅቷ ቀደመችኝ።

«ግድ የለም አባባ። መረጃውን ብቻ አወጣና ስክሪኑ ላይ የሚሞሉትን ፎርሞች ጥዬ ከባዶ እሠራለሁ። አሮጌም ናቸው።»

«ጥለሽ?» ባለቤቴ ተነሥቶ ቆመ። «የቱን ነው የምትጥዪው? ፎርሙ ላይ ያለው ቀይ ማስጠንቀቂያ ጠጋኝ በኤሌክትሪክ እንዳይያዝ ብዬ ያስገባሁት ነው። የሰው ነፍስ እኮ ነው፣ ልጄ።» ይሄን እያለ ከመሳቢያው ፍላሽ አውጥቶ እፊቷ አስቀመጠላት። ዋናው ፋይል ነበር። ልጅቷ ሳቋን ዋጠች፤ እኔ አልዋጥኩም።

ቤት ስንገባ ግን ነገሬን በሆዴ መያዝ አልቻልኩም። «ለምን ዋሸህ? የልጅ ልጅህን ማየት ጠልተህ ነው?»

«ቢሮ ሁሉም እኔን ይጠይቃል» አለ። «እዚያ ሕፃኗ ዘንድ ስሄድ ግን ምን አውቃለሁ? ልጃችን ስትወለድም እኮ አላቀፍኳትም፤ እጄ ላይ ትሰበራለች ብዬ ፈራሁ።»

ስንት ዘመን አብሬው ኖሬ ፈርቶ መሆኑን አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ፈቃድ ወጥቶ ቤት ስልኩ አጠገብ ተጎለተ። ያቺ ባለሙያ ከቢሮ ስትደውል ዘሎ አነሣው፤ «እሺ ልጄ፣ እሺ» አለና ዘጋው። «ሁሉም ማሽን ላይ ከፍታዋለች። ጠጋኞቹም ወጥተዋል፤ ማንም እኔን የጠየቀ የለም» አለኝ። አሁን ከፋው ብዬ ስሰጋ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ይስቃል። «ሳልኖር ሠራ እኮ» አለ።

በዚያው ሳምንት ሄድን። ልጃችን ሕፃኗን እቅፉ ላይ አደረገችለት፤ አንገቷን በየት በኩል እንደሚደግፍ እጁን ይዤ አሳየሁት። መጀመሪያ መተንፈስ እንኳ ፈርቶ ነበር። አሁን ግን ልጃችን «አባዬ፣ ላጥባት ስጠኝ» ብትለው ወይ ፍንክች።

«ትንሽ ቆዪ፣ አሁን እኮ ነው እንቅልፍ የወሰዳት» ይላታል።