የአምባላዩ ጭራ

የንስሐ አባቴ ብዙ ጉዴን ያውቃሉ። ጾም መግደፌን፣ ለእናቴ ክፉ መመለሴን፣ ከአንድ ልጅ ጋር ባሕር ዳር ደርሼ መምጣቴን ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። የአያ ቸኮልን ፈረስ ጭራ የቆረጥሁት እኔ መሆኔን ግን አልነገርኋቸውም። ፈቅጄ ለማንም አልተነፈስሁም። ስድስት ዓመት ሙሉ ነገሩ አፌ ድረስ ይመጣና መልሼ እውጠዋለሁ። ዛሬ የምጽፈውም ደፋር ሆኜ አይደለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀብር ላይ ቆሜ ባየሁት ነገር ክው ብዬ ስለቀረሁ ነው። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ፤ አታባብሉኝ ብቻ።

እንጅባራ ላይ አራት ሆነን ኳርቴት አቋቁመን ነበር። ኳርቴት ማለት ሁለት ቫዮሊን፣ ትንሽ ከፍ የሚል አንድ ቪዮላና በጉልበት መካከል የሚያዝ አንድ ትልቅ ቼሎ ነው፤ እኔ አንደኛ ቫዮሊን ነበርሁ፣ ማለትም አዛዧ። መሣሪያዎቹ በእርዳታ መጥተው መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጡ የከረሙ ናቸው። ከስልክ ቪዲዮ እያየን፣ እየተጣላን፣ እየታረቅን ተማርናቸው። ቼሎውን የምትጫወተው ብርቱካን ነበረች፤ ከከተማው ወጣ ካለች ቀበሌ በእግሯ እየመጣች። አባቷ አያ ቸኮል መጀመሪያ ላይ “ልጄን አዝማሪ ልታደርጓት ነው?” ብለው አሻፈረኝ አሉ። ያግባቡልን ጎረቤታቸው አያ ደሴ ናቸው። ሁለቱ ሰዎች ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን የጋለቡ፣ አንዱ ያለ አንዱ ለሠርግም ለለቅሶም የማይወጡ ነበሩ። አያ ደሴ ቼሎውን ዞር ዞር ብለው አዩትና “ይሄማ የማሲንቆ እናት ነው፤ ተዋት ትጫወት” አሉ። አያ ቸኮል ሳቁ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ያስቸገረን አውታሩን የምንፈትግበት ደጋን ነበር። የቫዮሊን ደጋን የሚወጠረው በፈረስ ጭራ ነው፤ ነጭና ረጅም መሆን አለበት። የእኛዎቹ አርጅተው፣ ተበጣጥሰው፣ የቀራቸው ጥቂት ክር ነበር። በዚህ ላይ ዳንግላ አዳራሽ እንድንጫወት ተጠራን፤ ከባሕር ዳር የሚመጡ ሰዎች ሰምተው ከወደዱን ትልቅ መድረክ ላይ ሊያወጡን። ከአዘና ገበያ ጭራ አስገዝተን ሞከርን፤ ሻካራ ጥቁር ጭራ ሆነና ቫዮሊኑን ዘይት እንዳልተቀባ በር አስጮኸው። አገሩ ሁሉ ፈረስ ሆኖ እኛ አንድ ነጭ ጭራ አጣን።

አያ ቸኮል አምባላይ ፈረስ ነበራቸው። ነጭ ነው፤ ጭራው ቁርጭምጭሚቱን የሚነካ። ለምን አልጠየቅኋቸውም? እምቢ ቢሉኝስ ብዬ ነዋ። እምቢ ካሉ በኋላ ብቆርጥ ሌብነት ይሆናል፣ ሳልጠይቅ ብቆርጥ ግን ያን ያህልም አይደለም ብዬ አሰብሁ። ብልጠቴን አያችሁልኝ?

የፈረሰኞች በዓል ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሑድ፣ እነ ብርቱካን ቤት ነበርሁ። ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ቅዳሴ ሲወጣ እኔ “ልምምድ አለብኝ” ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ወደ በረቱ ሄድሁ። መቀሱን ከእናቴ ቤት፣ ከዳንግላ ይዤው ነው የመጣሁት። ሳላስበው ያደረግሁት ነው እንዳትሉልኝ ብዬ ነው ይህን የምነግራችሁ።

ከውስጥ በኩል ትንሽ ወስጄ፣ ማንም ሳያውቅ ልወጣ ነበር ሐሳቤ። ፈረሱ ድንገት ዞረ፣ መቀሱ ገባበት። ግማሹ ጭራ እጄ ላይ ቀረ። ፈረሱ አንገቱን መልሶ አየኝ። ከዚያ ምን አደረግሁ? ጭራውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቫዮሊን ሳጥኔ ውስጥ ከተትሁት። ሳጥኑን አንጠልጥዬ ከበረቱ ስወጣ አያ ደሴ አንድ እቅፍ ለምለም ገብስ ይዘው መጡ። “ለነገ ይበርታ ብዬ ነው” አሉኝና ገብሱን በሩ ላይ አኑረው ተመለሱ። ምንም አላዩም ብዬ ተነፈስሁ።

አያ ቸኮል ከቅዳሴ ተመልሰው ፈረሱን ሲያዩ አልጮኹም። መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ጭራ ተመልሶ ይበቅላል እል ነበር። ለፈረሰኛ ግን በበዓሉ ዋዜማ የፈረሱን ጭራ መቁረጥ እሱን በአገር ፊት ራቁቱን ማቆም ነው። ይህ የገባኝ ፊታቸውን ሳይ ነው። ቀና ብለው “ማስተዋል ልጄ፣ እኛ ሳንኖር ወደ በረቱ የመጣ ሰው አይተሻል?” አሉኝ።

“አያ ደሴ መጥተው ነበር” አልሁ።

ይህችን ብቻ። ውሸት የለባትም፣ መጥተው ነበር። እኔ ግን ምን እያደረግሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ግልቢያ ላይ ማን ቀደመ በሚል ሁለቱ ትንሽ ተኮራርፈው እንደነበር ብርቱካን አጫውታኛለች። ያንን እያወቅሁ ነው የተናገርሁት። ለምን ገብስ ይዘው ነበር አላልሁም? ለምን እኔ ነኝ አላልሁም? ሁለቱም ከዚያች ዓረፍተ ነገር አይረዝሙም ነበር።

አያ ቸኮል አጥሩ ጋ ሄደው ጓደኛቸውን ጠሩ። በአገውኛ ነው የተናገሩት፤ እኔ አገውኛ አላውቅም፣ ግን ያልገባኝ ነገር አልነበረም። አያ ደሴ ቀና ብለው እኔን አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ አቀረቀሩ፤ ምንም አልመለሱም። ዝምታቸውን ሁሉም እንደ ማመን ቆጠረው። በማግስቱ በበዓሉ ላይ ሁለቱም አልጋለቡም።

ለእነ ብርቱካን ጭራውን አዲስ ቅዳም ከተማ ከአንድ ነጋዴ ገዛሁት አልኋቸው። አራታችንም ደጋኖቻችንን በእሱ ወጠርን። ዳንግላ ላይ ተጫወትን፣ ተመረጥን። ብርቱካን ሳታውቀው በአባቷ ፈረስ ጭራ ተጫወተች። አያ ቸኮል ደግሞ ፊት ወንበር ላይ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሰሟት። እኔ አጨብጫቢውን ሁሉ እጅ ነሳሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ከሁለት ዓመት በኋላ አልችል ብዬ አያ ደሴ ቤት ሄድሁ። ፈረሳቸውን ሸጠዋል። እንዴት እንደምጀምር ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ፤ “ያን ቀን እኮ ጭራው ከሳጥንሽ አፍ ወጥቶ ይታይ ነበር” አሉኝ። አውቀው ነው አጥሩ ላይ ዝም ያሉት። ለምን አልተናገሩም ስላቸው እንደ ቀላል ነገር ነገሩኝ፦ “ብናገር ቸኮል ልጁን በዚያው ቀን ከሙዚቃው ያስወጣት ነበር። እሷ ከወጣች ደግሞ አራት አትሆኑም።” ቀጥለው ምን ቢጠይቁኝ ጥሩ ነው? “ድምፁስ አማረ ወይ?”

“አምሯል” አልኋቸው። እውነቴን ነው፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላወጣሁም። እሳቸውም “እንግዲህ አንቺው ንገሪው፤ ከእኔ አፍ አይወጣም” ብለው ሸኙኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ አራት ዓመት ሙሉም ለአያ ቸኮል አልነገርሁም። ጭራ መቁረጤን ሞኝነት በሉት። ከዚያች እሺ ወዲህ ያለውን ምን ትሉታላችሁ?

ባለፈው ሳምንት አያ ደሴ አረፉ። ቀብር ሄድሁ። ፈረሰኞቹ ሁሉ መጥተዋል፤ አያ ቸኮል የሉም። ቤታቸው ከአያ ደሴ አጥር ማዶ ነው፤ አስከሬኑ ከቤት ሲወጣም በሩ ተዘግቶ ነበር። የሠላሳ ዓመት ጓደኛ፣ የአጥር ጎረቤት፣ ከቀብር ቀረ። ብርቱካን ብቻዋን አንገቷን ደፍታ ቆማለች፤ ሰው ያያታል፣ ይንሾካሾካል። ያን በር የዘጋሁት እኔ ነኝ። መቃብሩ ላይም ቆሜ፣ አፈሩ እስኪመለስ ድረስ፣ ዝም አልሁ። አሁንም ይህን ስጽፍ በራሴ እደነግጣለሁ።

ብርቱካን፣ ይህን ወረቀት ከሁሉ በፊት የምሰጠው ላንቺ ነው። አባትሽ ፊደል አያውቁም፤ አንቺ በአገውኛ ታነቢላቸዋለሽ። አታሳጥሪ። ለእኔ አዝነሽ “ልጅ ነበረች” አትበያቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አያ ደሴ ለምን ዝም እንዳሉ የሚለው ጋ ስትደርሺ ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ አባትሽ ያልገባቸው ከሆነ ድገሚላቸው። ይቅር ሊለኝ የሚገባው ሰው ከአፈር በታች ነው፤ አባትሽን ይቅር በሉኝ ለማለት ደግሞ አፍ የለኝም። የተረፈው ጭራ በዚያው ጋዜጣ እንደተጠቀለለ አለ። ስታነቢላቸው እሱን ይዤ በረቱ በር ላይ፣ አያ ደሴ ገብሱን ያኖሩበት ቦታ ቆሜ እጠብቃለሁ።