በሁለቱም በኩል ሦስት ቋጠሮ

ገመድ ስይዝ እጄ መቁጠር ይጀምራል። የልብስ ማስጫ ገመድም ቢሆን አይቀርለትም። ይህ አመል የጀመረኝ ሐይቅ ዳር ያለውን የእግር መንገድ ከሠራን ወዲህ ነው።

መንገዱ ከዋርካዎቹ ሥር ይነሳና የሸንበቆውን ጠርዝ ይዞ ወደ ውሃው ይወርዳል። ዓይነ ስውራን ያለ መሪ እንዲሄዱበት ብለን፣ ጥቂት የሰፈር ሰዎች ሆነን ችካል ተከልንና በወገብ ልክ ገመድ ዘረጋን። ሐሳቡን ያመጡት ዓይናቸው ከጠፋ የቆየ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ልጅ ሆኜ አስተምረውኛል፤ ጋሼ ነበር የምላቸው። ገመዱ ላይ ሲባጎ እየጠመጠምን ቋጠሮ አበጀን። አንድ ቋጠሮ መታጠፊያ፣ ሁለት የድንጋይ ደረጃ፣ ሦስት ደግሞ ቁም፣ ከፊትህ የጎርፍ ቦይ አለ፣ በከዘራህ ፈልገህ ተሻገር ማለት ነው። ቋጠሮው የእኔ ድርሻ ነበር።

«ስትጨርስ ዓይንህን ጨፍነህ ሂድ፤ ጨፍነህ ደግሞ ተመለስ» አሉኝ። «ዓይን ያለው ሰው ሰነፍ ነው፣ እጁን አያምንም።»

ጨፍኜ ሄድኩ። ቦዩ ጋ ከመድረሴ በፊት እጄ ሦስቱን ቋጠሮ አገኛቸውና ደስ አለኝ። ስመለስ ግን ዓይኔን ገለጥኩ። ፀሐዩ ከርሯል፣ ርቦኛል፤ ዋርካው ላይ የሚዘሉትን ጉሬዛዎች እያየሁ መጣሁ። «እንዴት ነው?» ቢሉኝ «ሄጄ መጣሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ጨፍኜ አላልኩም።

በማግስቱ ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው ገመዱ ጫፍ ላይ ቆሙና «ማንም እንዳይከተለኝ» አሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ብቻቸውን መንገድ ሄደው አያውቁም ነበር። ሲወርዱ ቦዩን በደህና ተሻገሩ። ውሃው ዳር ቆመው ሲስቁ ከላይ ሰማናቸው። የወደቁት ሲመለሱ ነው። ቋጠሮው ለሚሄድ ሰው ከቦዩ በፊት ነው፤ ለሚመለስ ግን ከቦዩ ወዲያ ነው የሚገኘው። እጃቸው ሳይደርስበት እግራቸው ቀደመ።

ሰዎቹ በባጃጅ ሐኪም ቤት ሲወስዷቸው እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ኪሴ ውስጥ የተረፈ ሲባጎ ነበር። ከቦዩ ማዶ፣ በውሃው በኩልም ሦስት ቋጠሮ አሰርኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ እስከ ዛሬ የምፈራው ይህንኑ ነው። በኋላ ሰዎች ሊያጣሩ ሲመጡ በሁለቱም በኩል ሦስት ሦስት አገኙ። «ሽማግሌው ቆጠራ ተሳስተው ነው» ተባለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እኔም አብሬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ያዙ። ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ብርድ ልብሱ ላይ ቁራጭ ገመድ አለ፤ ልጃቸው ናት የቋጠረችላቸው። በጣታቸው እየዳሰሱ ይቆጥራሉ፣ ጫፉ ላይ ሲደርሱ እንደገና ይጀምራሉ።

«ና እስቲ» አሉኝ። «ጨፍንና ቁጠርልኝ። ስንት ነው?»

ያን ጊዜ ከልቤ ጨፈንኩ። «ሦስት ነው፣ ጋሼ።»

«እኔም ሦስት ነው የምለው። ታዲያ ያን ቀን እጄን ምን ነካብኝ?»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ልጃቸው ሻይ ይዛ ገባች። ሻዩን ጠጣሁና ወጣሁ።

ክረምቱ ሳይገባ ሞቱ። እጃቸውን እንደጠረጠሩ ሞቱ።

አሁን መንገዱን ሰው ለምዶታል። አንዱ ከፊት ገመዱን ሲስብ ከኋላ ያለው እጁ ላይ ይሰማዋል። እኔ ሰው በሌለበት ሰዓት ጨፍኜ እሄዳለሁ፣ ጨፍኜ እመለሳለሁ። ስመለስ ቦዩ ጋ ገመዱ ከወዲያ በኩል ይሳባል። ነፋስ ነው እላለሁ። ነፋስ ግን ሦስት ጊዜ ስቦ አያቆምም።

ባለፈው ሰሞን ከሌላ ከተማ እንዲህ ያለ መንገድ ሊሠሩ ያሰቡ እንግዶች መጡ። አንዷ ቋጠሮውን ዳሰሰችና «በሁለቱም በኩል መሆኑ ጥሩ ነው፤ የማን ሐሳብ ነበር?» አለችኝ።

«የአንድ አስተማሪ» አልኳት። «እጃቸው ተሳስቶ አያውቅም።»